ካርዱ አለ፣ ቴፑ የለም

«ሲስተም የለም» መባል ለገንዳ ውኃ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የዚያን ዕለት ግን ሲስተሙ ነበረ። ሰርቨሩ በርቷል፤ መዝገቡ ይከፈታል፤ የሰሊጥ አምራቾች ዝርዝር ስክሪኑን ሞልቶታል። የጠፋው ከሰርቨሩ ጎን የተቀመጠው ጥቁር ሣጥን፣ ቴፕ ድራይቩ ነው። ለዓይን እንኳ አልጠፋም። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ካሴት ሲሰጡት ይውጣል፤ ቁልፉን ሲጫኑት መልሶ ይተፋል። ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የማያውቀው።

«ባለፈው ሳምንት ይሠራ ነበር» አሉ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው።

«ባለፈው ሳምንት አሮጌው ከርነል ነበራ፣ ጋሼ» አለች ከጎንደር የመጣችው ባለሙያ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ። ለምን ነካካችሁት?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁት ነገር ሰርቨርና ባክአፕ ባለበት ሁሉ ይደርሳልና። ለቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚጻፉ መመሪያዎች ይህን ሥራ በደረቁ ያስቀምጡታል። መተማ ቆላ ላይ ግን ሙቀቱም፣ መብራቱም፣ ኔትወርኩም ከሥራው ውስጥ እጃቸውን ያስገባሉ።

ገንዳ ውኃ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከጎንደር አዘዞን አልፎ፣ በአይከል በኩል ከደጋው ቁልቁል የሚወርደው መንገድ እዚህ ይደርስና በኮኪት አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ ይዘልቃል። ከዚያ ወዲያ ጋላባት፣ ሱዳን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥ፣ የማሽላና የዕጣን አገር ነው። በአጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተሞቹን ይሞላቸዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚሁ በር ገብተዋል። እንዲህ ባለ አገር መዝገብ ትልቅ ነገር ነው። ማን መሬት ተከራየ፣ ማን ስንት ኩንታል አስገባ፣ ማን ተከፈለው፣ ማን አልተከፈለውም የሚለው ሁሉ ሲጠፋ ጠብ ነው የሚያመጣው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀው «ክላውድ ላይ ለምን አታስቀምጡትም?» ብሎ ነው። ደግ ጥያቄ ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አንባቢ አይረሳውም። ኔትወርኩ ባለበት ጊዜም ቢሆን በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ከገንዳ ውኃ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ትዕግሥት ይጨርሳል። ተነቃይ ሃርድ ዲስክ አለ፤ እሱ ግን ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ ሲኖር ሰርቨሩን የመታ ቫይረስ እሱንም ይመታዋል፤ ሲወድቅ ይሰበራል፤ አቧራውና ሙቀቱም አይምረውም። ቴፕ ግን ከድራይቩ ከወጣ በኋላ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካሴት ነው። ገመድ የለውም። ማንም ከሩቅ ገብቶ ሊሰርዘው አይችልም።

ቴፕ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ቴፕ ሪኮርደርን ነው። ዘመድ ናቸው። ኮምፒውተር በማግኔት ቴፕ ላይ መረጃ መጻፍ የጀመረው ዩኒቫክ በተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ አይቢኤም በዓመቱ የራሱን ይዞ መጣ። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው ኤልቲኦ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በ2021 የወጣው 9ኛው ትውልድ 18 ቴራባይት ይይዛል። ገንዳ ውኃ ያለው ድራይቭ 6ኛው ትውልድ ነው። አንዱ ካሴት 2.5 ቴራባይት ይሸከማል። መዳፍ በምታህለው በዚያች ሣጥን ውስጥ ስፋቱ 12.65 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 846 ሜትር የሆነ ጥብጣብ ተጠምጥሟል። ካሴቱ ሲሞላ ድራይቩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 136 ጊዜ ተመላልሶበታል ማለት ነው። ሲሠራ ጆሮን ቢያስጠጉት የሚሰማው ቀጭን ፉጨት የዚህ ምልልስ ድምፅ ነው።

የኃላፊው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ ለምን ተነካካ?

ከርነል የኮምፒውተሩ አስኳል ነው። ፕሮግራሞቹ ዲስክ፣ ኪቦርድ፣ ኔትወርክ ወይም ቴፕ ሲፈልጉ በቀጥታ አይነኩም፤ ሁሉም በከርነሉ በኩል ያልፋል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል በየዘጠኝና አሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። እያንዳንዱ እትም የደኅንነት ቀዳዳዎችን ይደፍናል። አሮጌው ሲስተም የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልቅ ቀዳዳ የሚደፍንለት አይኖርም፤ የሕዝብ መዝገብ ይዞ በዚያ ላይ መቆየት በሩን ከፍቶ መተኛት ነው። ስለዚህ ማሻሻሉ ትክክል ነበር። ስህተቱ ማሻሻያው ካለቀ በኋላ «ገባ፣ ተከፈተ፣ ይሠራል» ተብሎ ቴፑ ሳይሞከር መታለፉ ነው።

ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቴፕ በሥራ መሀል የሚፈለግ ዕቃ አይደለም። ኔትወርኩ ቢጠፋ ሁሉም በደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፤ ፕሪንተሩ ቢያምፅ ሰልፍ ይሠራል። ቴፑ ቢጠፋ ዝም ነው። ሌሊት በ8 ሰዓት የሚነሣው የባክአፕ ፕሮግራም ድራይቩን ፈልጎ ሲያጣ ማንም በማይከፍተው ፋይል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ይተኛል። እዚህ ቶሎ የተደረሰበት ኃላፊው ባላቸው ልማድ ነው። በየሳምንቱ የወጣውን ካሴት ቀንና ወር በሰማያዊ ደብተር ላይ በእጃቸው ይመዘግባሉ። ጠዋት ካሴቱን ሊመዘግቡ ሲሉ ሌሊት ምንም እንዳልተጻፈበት ተረዱ። ደብተሩ ላይ የሚጽፉት አጡ፤ ስልክ ደወሉ።

ባለሙያዋ ሥራዋን የጀመረችው ከታች ወደ ላይ ነው። በመጀመሪያ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠች፤ እናት ቦርዱ ላይ የተሰኩትን ካርዶች ይዘረዝራል። ድራይቩ የሚገናኝበት ካርድ ከነመለያ ቁጥሩ ወጣ፦ 1000:0072። ቺፑ ኤስኤኤስ2008 ይባላል፤ በአንድ ወቅት በዓለም ሰርቨሮች ውስጥ እንደ አሸዋ የነበረ ቺፕ ነው። ቀጥላ «ኤልኤስስካዚ» አለች፤ ይኼኛው ከርነሉ የሚያያቸውን ዲስኮችና ቴፖች ያሳያል። ዲስኩ ታየ፤ ቴፑ የለም።

«ካርዱ አለ፣ ቴፑ የለም» አለች ለራሷ።

«ገመዱስ?» አልኳት። ማንም ሰው የሚጠይቀው ነው።

ገመዱን ነቅላ ሰካችው፤ አልተለወጠም። ከዚያ ያደረገችው ነገር ከዕለቱ ሥራ ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። የድሮው ሲስተም ያለበትን ዲስክ አልጣለችውም ነበር። አዲሱን አውጥታ አሮጌውን አስገባችና ሰርቨሩን አስነሣች። ቴፑ ወዲያው ታየ። በዚህ አንድ ሙከራ ገመዱ፣ ካርዱ፣ ድራይቩና ካሴቱ አራቱም ከጥርጣሬ ወጡ፤ የቀረው ሶፍትዌሩ ብቻ ሆነ። በተለመደው የከርነል ማሻሻያ እንዲያውም ዲስክ መቀየር አያስፈልግም። የቀድሞው ከርነል በማስነሻው ዝርዝር ላይ ስለሚቆይ እሱን መርጦ ማስነሣት ይበቃል። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ አዲስ ገመድ ለማዘዝ ይቸኩላል፤ ገመዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናውቃለን።

አዲሱን ዲስክ መልሳ ስታስነሣ ያንኑ የካርድ ዝርዝር በሌላ አማራጭ ጠየቀችው፤ እያንዳንዱን ካርድ የሚነዳው ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ ከግርጌው ይጽፋል። በሌሎቹ ካርዶች ሥር ስም አለ። በዚህኛው ሥር ባዶ ነው።

ነገሩ እንደ መተማ ኬላ ነው። ከርነሉ ኬላው ነው፤ ነጂው፣ ባለሙያዎቹ ድራይቨር የሚሉት፣ የዕቃውን ወረቀት የሚያውቅ ትራንዚተር ነው። ትራንዚተሩ የሚያስተናግዳቸው መለያ ቁጥሮች ዝርዝር በእጁ አለ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ያልፋል፤ የሌለ፣ ዕቃው የቱንም ያህል ደህና ቢሆን፣ በር ላይ ይቆማል። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ 8ኛውን የሊኑክስ እትሙን ሲያወጣ አርጅተዋል ያላቸውን ብዙ ካርዶች ከነጂዎቹ ዝርዝር ሰርዟል፤ ኤስኤኤስ2008 ከተሰረዙት አንዱ ነው። ነጂው ራሱ አለ፤ አዳዲሶቹን የዚያው ቤተሰብ ካርዶች ያስተናግዳል። ከዋናው የሊኑክስ ከርነል ላይም ቁጥሩ አልተሰረዘም። አሰራጩ ብቻ ነው «ይህን ከእንግዲህ አልደግፍም» ያለው። የእሱን ኮድ ወስደው በነፃ ከሚያሰራጩት ብዙዎቹም ይህንኑ ወረሱ።

ኩባንያውን መውቀስ ይቻላል፤ እኔ ግን ብዙም አልወቅሰውም። የ10 ዓመት ድጋፍ ለመስጠት ቃል የገባ ድርጅት መሞከሪያ ካርዱ ከገበያ የጠፋበትን ነጂ እደግፋለሁ ብሎ ቢዋሽ ይከፋል። ለውጡንም በሰነዱ ላይ ጽፎታል። እኛ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ሰርቨሮቻችን ከሌላው ዓለም ይልቅ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ ያገለገሉ ሆነው ይገባሉ፣ ከመጡ በኋላም እስኪቃጠሉ ይሠራሉ። ሌላ አገር «አርጅቷል» የተባለ ካርድ እዚህ ገና ጎልማሳ ነው። ስለዚህ የአዲስ እትም ሰነድ ሲወጣ ከአዲሱ ነገር ዝርዝር ይልቅ «የተወገዱ» የሚለውን ክፍል አስቀድሞ ማንበብ ያለበት የእኛ አገር ባለሙያ ነው።

መፍትሔው ተዘጋጅቶ ይገኛል። ኤልሪፖ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማከማቻ የተሰረዙትን ቁጥሮች መልሶ ያካተተ ነጂ ለየእትሙ ያዘጋጃል። ማውረዱ ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል። የክፍሉ መስመር በዚያ ጠዋት እንኳን ፓኬጅ ፎቶም አያወርድም ነበር። ጎንደር ላለ የሥራ ባልደረባዋ ደውላ የከርነሉን ሙሉ የእትም ቁጥር፣ ነጥቦቹንና ሰረዙን ሳይቀር፣ ፊደል በፊደል አስጻፈችው፤ ነጂው ከከርነሉ እትም ጋር ካልገጠመ አይገባምና። ፍላሹ ከአዘዞ በተነሣ ሚኒባስ ሹፌር ኪስ ውስጥ ሆኖ ወረደ። በዚህ መሀል ሙቀቱ የክፍሉን በር አንኳኳ፤ ኤሲው ያጉረመርማል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ያዞራል።

ነጂው ሲጫን ካርዱ ነቃ። ከሱ በላይ ደግሞ ኤስቲ የሚባለው የቴፕ ነጂ አለ። ካርዱን የሚነዳው አንዱ ነው፣ ቴፑን የሚያናግረው ሌላው፤ ሁለቱም ካልኖሩ ድራይቩ አይሠራም። ኤስቲን ካይ ማኪሳራ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሲጽፈውና ሲያርመው የኖረ ነው። በዓለም ላይ ስንት የባንክና የሆስፒታል መዝገብ በዚህ ሰው ኮድ በኩል እንዳለፈ ሳስብ ስሙ ከሙያው ውጭ አለመታወቁ ይገርመኛል። «ዲሜሴጅ» የሚባለው የከርነሉ ማስታወሻ ላይ «ኤስቲ0 ተገናኘ» የሚል መስመር ብቅ ሲል ኃላፊው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። አንዱ ድራይቭ በሁለት ስም ይታያል፦ ኤስቲ0 እና ኤንኤስቲ0። በመጀመሪያው ስም የጠሩት እንደሆነ ሥራው ሲያልቅ ጥብጣቡን ወደ መነሻው ያጠነጥናል። በሁለተኛው ከጠሩት ካቆመበት ይቆያል። ሁለት መዝገብ አከታትሎ ለመጻፍ የፈለገ ሰው በመጀመሪያው ስም ቢጠቀም ሁለተኛው መዝገብ በአንደኛው ላይ ይጻፍበታል፤ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ሁለት ድራይቭ ያለበት ቤት ደግሞ ከማሻሻያ በኋላ 0 እና 1 ቦታ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ በተራ ቁጥር ሳይሆን በድራይቩ መለያ ቁጥር በተሠራው ቋሚ ስም መጥራት ይሻላል።

የመጀመሪያው መዝገብ በደህና ተጻፈ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

በሸኸዲ በኩል፣ ማለትም በዚሁ በገንዳ ውኃ፣ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገር ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ ኢትዮጵያ ለጎረቤቷ ኃይል እንድትሸጥበት የተዘረጋ ነው። ከተማዋ ግን መብራት ሲጠፋባት አዲስ አይሆንባትም። ጀነሬተሩ ተነሣ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም። ቴፕ ድራይቩ ግን በቀጥታ ከግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ጠፍቶ በራ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትእዛዝ ሁሉ አንድ መልስ አመጣ፦ የግብዓትና ውጤት ስህተት።

«ይኸው!» አሉ ኃላፊው። «አሮጌው እንዲህ አያደርግም ነበር። መብራት መጥቶ ሲሄድ ዝም ብሎ ይቀጥል ነበር።»

«አሮጌውማ ይጽፋል ጋሼ። የት ላይ እንደሚጽፍ ነው እንጂ ነገሩ።»

ይህ መልስ የዘገባው እምብርት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ድራይቭ ጠፍቶ ሲበራ በውስጡ ያለውን ካሴት ወደ መነሻው ያጠነጥነዋል። ሰርቨሩ ግን አልጠፋምና ይህን አላየም። በእሱ ሐሳብ ጥብጣቡ አሁንም ሁለተኛው መዝገብ መሀል ላይ ነው። «ቀጥል» ብሎ ቢጽፍ የሚጽፈው መጀመሪያው ላይ፣ ደህና በነበረው በአንደኛው መዝገብ ላይ ነው። ቴፕ ደግሞ እንደ ዲስክ አይደለም። መጀመሪያው ላይ ጥቂት ከጻፉበት «የመረጃው መጨረሻ እዚህ ነው» የሚል ምልክት ይተከላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥብጣቡ ላይ ቢኖርም ድራይቩ አያነበውም። አንድ የመብራት መቆራረጥ ሙሉ ካሴት ያጠፋል ማለት ነው። የሚከፋው ባክአፑ «ተሳክቷል» ብሎ መጨረሱ ነው።

የከርነሉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነጂው ድራይቩ ዳግም መነሣቱን ሲያውቅ «ያለሁበትን አላውቅም» ብሎ መጻፍም ማንበብም እምቢ እንዲል አድርገውታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ ጥንቃቄ ጠብቋል። ነጂው ራሱ ያላዘዘውን ዳግም መነሣት፣ ለምሳሌ የመብራት መቆራረጥን፣ ጭምር እንዲቆጥር ተደርጓል። ጥብቅነቱ መጀመሪያ ላይ ከልክ አልፎ ነበር። የድራይቩን ሁኔታ መጠየቅ ብቻ ስህተት እያመጣ የባክአፕ ፕሮግራሞችን ስላወከ ኋላ በእርማት አለዘቡት። ዋናው ሐሳብ ግን ትክክል ነው። ኃላፊው እንደ ጉድለት ያዩት ነገር አንደኛውን መዝገብ አድኖላቸዋል።

መውጫው ቀላል ነው። «ኤምቲ» በሚባለው ትእዛዝ ጥብጣቡን ወደ መነሻው ማጠንጠን፤ ያኔ ከርነሉም ድራይቩም ያሉበት ቦታ ላይ ይስማማሉ። ከዚያ አንድ መዝገብ ዘሎ ማለፍ፣ ቁጥሩን ማየት፣ ሁለተኛውን እንደገና መጻፍ። እንዲሁ አደረገች። የድራይቩንም መሰኪያ ከግድግዳው ነቅላ ዩፒኤሱ ላይ ሰካችው። የዩፒኤሱ ባትሪ ራሱ ሌላ ጭንቅ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎች በልምድ ይናገራሉ፤ በመተማ ቆላ ሒሳብ ሦስት ዓመት የተባለለት ባትሪ ሦስት ዓመት አይኖርም።

ሦስተኛው ችግር አጭር ነው። ሁሉም ሠራ ከተባለ በኋላ ባለሙያዋ «አሮጌ ካሴት አምጡልኝ» አለች። ኃላፊው ደብተራቸውን ገልጠው የሰኔ 30 የበጀት መዝጊያውን መረጡ። ካሴቱ ገባ፤ ኮምፒውተሩም «ሚሞሪ ማግኘት አልተቻለም» አለ። ራም የጎደለው መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ቴፕ ላይ መረጃ የሚጻፈው በብሎክ በብሎክ ነው፤ አንባቢው ፕሮግራም ካዘጋጀው ቦታ ብሎኩ ሲበልጥ የኤስቲ ነጂ የሚመልሰው ይህንን አሳሳች መልእክት ነው። «ታር» ሌላ ካልታዘዘ በ10,240 ባይት ይሠራል። የድሮው ስክሪፕት ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ብሎክ ይጽፍ ነበር፤ ማሻሻያው ላይ ያ ቁጥር ከአሮጌው ዲስክ ጋር ተረስቶ ቀረ። ቁጥሩ ሲመለስ ካሴቱ ተነበበ። አንዱን ፋይል ከፈተችላቸው፤ ኃላፊው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ከወረቀት መዝገባቸው ጋር አመሳከሩ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል። ልክ ነው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

ከርነሉ በዚህኛው ችግር እጁ የለበትም። ከማሻሻያ በኋላ የሚታይ ጥፋት ሁሉ የማሻሻያው አይደለም፤ ግማሹ ሰው አሮጌው ቤት የተወው ዕቃ ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 መጨረሻ ጉግል የማከማቻ ሶፍትዌሩን ሲያሻሽል በገባ ስህተት የተወሰኑ የጂሜይል ተጠቃሚዎች መልእክቶቻቸው ባዶ ሆነው አገኟቸው። ኩባንያው በተለያዩ ማዕከሎች ያስቀመጣቸው ቅጂዎች ሁሉ በዚያው ስህተት ተመቱ። ያልተመታው ከኔትወርኩ ውጭ ያለው ቴፕ ብቻ ነበር፤ መልእክቶቹ ከዚያ ተነብበው ተመለሱ። በእኛ አገር መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር በተያያዘ ክፍተት በአንድ ሌሊት ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ባንኩ በኋላ የገለጸው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የገንዳ ውኃው ክፍል ከእነዚህ ጋር አይነጻጸርም። የሚያመሳስላቸው ማሻሻያው ያለቀ የመሰለበት ሰዓትና በእርግጥ ያለቀበት ሰዓት መለያየቱ ነው።

ካሴቶቹ የሚቀመጡበት ቦታም ያነጋግራል። አምራቾቹ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሚመክሩት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው፤ በዚያ ከተያዘ እስከ 30 ዓመት ይቆያል ይላሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የብረት ቁም ሣጥን ሚያዝያ ላይ ይህን አያሟላም። ስለዚህ ውሳኔው የወሩ ካሴት ወደ ጎንደር እንዲወጣ፣ የሳምንቱ ብቻ እዚህ እንዲቀር ሆነ። ጎንደር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ላይ ያለ ደጋ ነው፤ ለካሴት ይስማማዋል። በመኪና ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ሥር ግን አይጫንም። ደጋ ቆይቶ የወረደ ካሴትም ላዩ ላይ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ወዲያው ድራይቭ ውስጥ አይከተትም፤ ክፍሉን እስኪለምድ አንድ ቀን ማሳደር ነው።

ይህን የምታነቡና መደርደሪያችሁ ላይ የቆየ ካሴት ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኤልቲኦ ድራይቮች እስከ 7ኛው ትውልድ ድረስ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነቡ ነበር፤ 8ኛው ግን የሚያነበው የራሱንና የ7ኛውን ብቻ ነው። 6ኛ ትውልድ ካሴት የያዘ መሥሪያ ቤት አሮጌው ድራይቭ ሲሞት 8ኛውን ወይም 9ኛውን ገዝቶ ቢመጣ ካሴቶቹን አንዱንም አያነባቸውም። ግዢ ክፍል ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት የካሴቶቹን ትውልድ ይጠይቅ። አሮጌው ድራይቭ ገና በሕይወት ሳለም መዝገቦቹ ወደ አዲስ ካሴት ይገልበጡ።